ዙፋኑን የሸኘ ኬክ ቤት

ካታሪና ሽራት በቪየናው ቡርግቴአተር ስሟ የገነነ ተዋናይ ነበረች። ቪየና በሙቀት ታፍና ቴአትር ቤቱ በሩን ሲዘጋ ግን ወደ ተራራማዋ የኢሽል ከተማ ትወጣለች። እዚያ ማለዳ ማለዳ በእግራቸው ወደ ቪላዋ የሚመጡ አንድ እንግዳ ነበሯት፤ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥትና የሃንጋሪ ንጉሥ ፍራንዝ ዮሴፍ። ሰውየው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ መነሣት ልማዳቸው ነው። ለቁርስ የምታቀርብላቸው ቡናና ጉግልሁፍ የሚባለውን ኬክ ነበር፤ በእርሾ የቦካ፣ ቅቤና እንቁላል ያልተሰሰተበት፣ ዘቢብ ጣል ጣል የተደረገበት፣ መሃሉ ክፍት በሆነ ዕቃ የሚጋገር ኬክ።

እርሾ ግን አመለኛ ነው። ብርድ ሲሆን ይለግማል፣ ዱቄቱ ሲለወጥ ያኮርፋል፤ ትናንት ኩፍ ያለው ሊጥ ዛሬ ዝም ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ሽራት በየቀኑ አንድ ጉግልሁፍ ከዛውነር ኬክ ቤት እንዲመጣላት አዝዛ ነበር ይባላል። የእሷ ከተሳካላት የእሷ ይቀርባል፤ ካልተሳካላት ንጉሠ ነገሥቱ የዛውነርን ይበላሉ። ይህ ታሪክ ከሰነድ ይልቅ በአፍ የኖረ ነው፤ እኔ ግን ለማመን አልቸገርም። ለንጉሥ ቁርስ የሚያቀርብ ሰው ተጠባባቂ ሳይዝ እንዴት ይተኛል?

ንጉሥ ደንበኛችን ነበር የሚሉ ኬክ ቤቶች በአውሮፓ ሞልተዋል። ዛውነር ከሌሎቹ የሚለየው ንጉሡ፣ ከተማውና ኬክ ቤቱ አብረው ማደጋቸው ነው። አንዱን ሳያነሡ የሌላውን ታሪክ መናገር አይቻልም። ንጉሡ ሄደው ኬክ ቤቱ እንዴት ቀረ የሚለውን ለመረዳትም ከጨው መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሽል በላይኛው ኦስትሪያ፣ በተራሮችና በሐይቆች መካከል፣ ሳልዝካመርጉት በሚባለው አገር ውስጥ ትገኛለች። የአገሩ ሀብት ጨው ነው፤ የጨው ባለቤት ደግሞ ዘውዱ ነበር። የኢሽል የጨው ማዕድን በ1563 ተከፈተ። ከ1595 እስከ 1607 ባለው ጊዜ ደግሞ 13 ሺህ ያህል ግንዶች መሃላቸው ተፈልፍሎ፣ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው፣ የጨውን ውሃ ከሃልሽታት በኢሽል በኩል እስከ ኤበንዜ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያወርድ ቧንቧ ተዘረጋ። ውሃውን አትንኖ ጨው ለማውጣት ማገዶ ወደ ጨው ከማጓጓዝ ጨውን ወደ ማገዶ መላክ ይቀላል የሚል ስሌት ነው። ገንዘቡ ለንጉሣዊው ቤተሰብ ለሃብስበርጎች ካዝና ሲገባ፣ ለአገሬው የቀረው ድካሙ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረችው ኢሽል ኬክ የሚገዛ ሰው አልነበራትም።

ለውጡን ያመጣው ሐኪም ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማዕድኑ ሐኪም ዮሴፍ ጎትስ ሠራተኞቹን በጨው ውሃ እያጠበ የቆዳና የመገጣጠሚያ ሕመማቸውን ማከም ጀመረ። ወሬው የቤተ መንግሥቱ ሐኪም የፍራንዝ ቪረር ጆሮ ደረሰ። ቪረር መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ገበያውንም ያዩ ሰው ነበሩ፤ በ1820ዎቹ ኢሽልን የመታጠቢያ ከተማ አድርገው የቪየናን ባለጸጎች ይልኩላት ጀመር።

ከሁሉም የገነነው በሽተኛ ግን ከቤተ መንግሥቱ መጣ። ልዕልት ሶፊ ከልዑል ፍራንዝ ካርል ጋር የተጋቡት በ1824 ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ልጅ የለም። አልጋ ወራሽ በሚጠበቅበት ቤት ይህ የቤተሰብ ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ሶፊ ወደ ኢሽል ሄደው በጨው ውሃ ታከሙ። በ1830 ፍራንዝ ዮሴፍ ተወለዱ፤ በ1832 ፈርዲናንድ ማክሲሚልያን ተከተሉ፤ በ1833 ካርል ሉድቪግ ሦስተኛ ሆኑ። ሕዝቡ የጨው ልዑላን አላቸው። ጨው ማኅፀን ይከፍታል ብሎ ዛሬ የሚከራከር ሐኪም አይገኝም። ለኢሽል ግን ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ሊኖር አይችልም ነበር። እኛም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው፣ ያ መውደዳቸው በ1886 ለአዲስ አበባ መሠረት እንደሆነ ስለምናውቅ፣ የቤተ መንግሥት ሰው ገላውን የሚታጠብበት ውሃ ከተማ እንደሚወልድ አይገርመንም።

ቪረር የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ለመታጠብ የመጣ ባለጸጋ የሚታጠበው በቀን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ የቀረውን ሰዓት ማን ይሙላለት? መንሸራሸሪያ መንገድ ተሠራ፣ በ1827 ቴአትር ቤት ተከፈተ። የጎደለው ጣፋጭ ነበር። በ1832 ዮሃን ዛውነር የሚባል የቪየና ኬክ ሠሪ፣ በቪረር ጎትጓችነት፣ በኢሽል ሱቁን ከፈተ። ማክሲሚልያን የተወለዱትም በዚያው ዓመት ነው፤ ፍራንዝ ዮሴፍ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ኬክ ቤቱና ልዑላኑ እኩያ ናቸው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዚያ አገር ዳቦ ጋጋሪና ኬክ ሠሪ አንድ ሙያ አልነበሩም። ዳቦ ጋጋሪው ከተማውን ያበላል፤ ሲታመም ከተማው ይራባል። ኬክ ሠሪው የሚኖረው ግን ሰዎች ከጠገቡ በኋላ በሚተርፋቸው ገንዘብ ነው። ስኳርም ያን ጊዜ የቅንጦት ዕቃ ነበር፤ ከቅኝ ግዛት የሸንኮራ አገዳ እየተጨመቀ፣ ባሕር እየተሻገረ ይመጣል። የኦስትሪያን ኬክ ሠሪዎች ያቀናው በዚያ ክፍለ ዘመን በቦሄምያና በሞራቪያ የተስፋፋው ከሹገር ቢት (የስኳር ቀይ ሥር) የሚወጣው ስኳር ነው። ዛሬ በየሻይ ቤቱ የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ስኳር ራሱ በ1843 በሞራቪያዋ በዳቺትሰ ከተማ የተፈለሰፈ ነው። እና ዛውነር የተከፈተው ስኳር ከንጉሥ ማዕድ ወደ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱም ወደ ነጋዴውና ወደ መንግሥት ሠራተኛው መውረድ በጀመረበት ዘመን ነበር። ጊዜው ቢገጥምለትም ከዋና ከተማ ወጥቶ ጨው ቆፋሪዎች መሃል ኬክ መሸጥ ድፍረት ነው።

ዛውነር ሲጠራ አብሮ የሚጠራው ማዕረግ የቤተ መንግሥት አቅራቢ የሚለው ነው። ይህ ማዕረግ ብዙዎች እንደሚያስቡት ለሱቅ የሚሰጥ አልነበረም፤ ለሰው ነበር የሚሰጠው። ባለሙያው ያመለክታል፣ ሥራውና ምግባሩ ይጠየቃል፣ ሲፈቀድለት የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ራሱን ንስር በሱቁ ላይ መስቀል ይችላል። ባለ ማዕረጉ ሲሞት ማዕረጉም አብሮ ይሞታል፤ ልጁ ከፈለገ እንደ አዲስ ያመልክት። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ። አባትህ ጥሩ ኬክ ሠሪ ነበር ማለት አንተም ነህ ማለት አይደለም፤ ደንቡ ይህን ያውቅ ነበር። ደንቡን ያወጣው ዙፋን ራሱ ግን የሚወረሰው በትውልድ ብቻ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

በዘውዱ ዘመን መጨረሻ ይህን ማዕረግ የያዙት በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ጫማ ሰፊው፣ ፒያኖ ሠሪው፣ ጓንት ሰፊው ሁሉ ንስር ሰቅሏል። ንጉሡ ከሁሉም በልተውና ለብሰው አይጨርሱም። እንዲያውም ፍራንዝ ዮሴፍ እንደ ደንበኛ ሲታዩ እዚህ ግቡ የሚባሉ አልነበሩም። የሚተኙት በብረት አልጋ ላይ ነው፤ የሚወዱት ምግብ ቅቅል የበሬ ሥጋ ነበር፤ ማዕድ ላይም ችኩል ነበሩ። የቁርስ ጉግልሁፍ ቢበሉ ስንት ቁራጭ ይበላሉ?

የዛውነር ሀብት ንጉሡ ከሚበሉት አልመጣም። የመጣው ንጉሡን ተከትሎ ከሚመጣው ሰው ነው። በኦገስት 1853 የ23 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት በኢሽል የእጮኝነት ወሬ አስነገሩ። እናታቸው ሶፊ ያሰቡላቸው ታላቂቱን ሄለነን ነበር፤ እሳቸው ግን አብራ የመጣችውን የ15 ዓመቷን ታናሽ እህቷን ኤሊዛቤትን መረጡ። ሶፊም አንድ ቪላ ገዝተው ለሠርግ ስጦታ ሰጡ፤ ቤቱ ተስፋፍቶ የንጉሠ ነገሥቱ ቪላ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለስድሳ ዓመታት ያህል ፍራንዝ ዮሴፍ ሐምሌና ነሐሴን እዚያ ከማሳለፍ የቀሩባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። ሚኒስትሩ ፊርማ ሊያስፈርም ይመጣል፤ መኮንኑ ሹመት ሊለምን፣ አምባሳደሩ ወሬ ሊቃርም፣ ባለ ፋብሪካው ሚስቱን ይዞ ሊታይ ይመጣል። ንጉሡን ለማግኘት የሚጠብቅ ሰው የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ሲቀመጥ ደግሞ ይበላል። ዛውነር የሸጠው ያንን መጠበቅ ነው። በ1877 የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ጠባቂው በብዙ እጥፍ በዛ።

የኢትዮጵያ አንባቢ ለሃብስበርጎች ቤተሰብ ፍጹም ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን በከረጢት የቋጠሩት፣ ጥሎሽ የጣሉበት፣ ጌጥ ያስቀጠቀጡበት የማርትሬዛ ብር ላይ የተቀረጸችው ሴት ማርያ ቴሬዛ ናት፤ ፍራንዝ ዮሴፍ የልጅ ልጇ የልጅ ልጅ ናቸው። እሷ በ1780 ብትሞትም ብሩ በዚያው ዓመተ ምሕረት መመታቱን ቀጥሎ በእኛ ገበያ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዞሯል። በ1888 ደግሞ ቴለኪና ሉድቪግ ፎን ሁንል የሚባሉ ተጓዦች ከደቡብ መጥተው ሁለት ሐይቆችን ለቤተሰቡ ስጦታ አደረጉ፤ ኦሞ የሚገባበትን ቱርካናን በአልጋ ወራሹ ስም ሩዶልፍ፣ ጨው ባሕርን በሚስቱ ስም ስቴፋኒ አሉት። በጨው የበለጸገ ቤተሰብ ስሙ በጨው ባሕር ላይ መለጠፉ ማንም ያላሰበው ግጥምጥሞሽ ነው። ለእኛ ግን ሐይቁ ጨው ባሕር ነው። ያው ሁንል በ1905 የፍራንዝ ዮሴፍ መልእክተኛ ሆኖ አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል።

በዚያው በ1905 ዛውነር እስከ ዛሬ የሚታወቅበትን ዛውነርሽቶለን አወጣ። የደቀቀ ዋፈር፣ የተቆላ ሃዘልነትና ኑጋ ተዋሕደው፣ በረጅም ቅርጽ ተጨምቀው፣ ከላይ ቸኮሌት ይለብሳሉ። ጥበቡ ከጣዕሙ ሌላ ነው፤ ነገሩ አይፈስም፣ ቶሎ አይበላሽም። በሣጥን ተጠቅልሎ ባቡር ይሳፈራል፣ ቪየና ወይም ቡዳፔስት ደርሶ ለዘመድ ይቆረሳል። ጉግልሁፍ የሚበላው ኢሽል ላይ ነው፤ ሽቶለኑ ግን ኢሽልን ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ማንም አላወቀም እንጂ ኬክ ቤቱን ኋላ ከውድቀት የሚያድነው እንዲህ ያለው ዕቃ ነበር።

ከመኳንንቱ ጋር ሙዚቀኛውም መጣ። ብራምስ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት በጋውን በኢሽል ያሳልፍ ነበር፤ ብሩክነር በ1890 የንጉሡ ልጅ ማሪ ቫለሪ ስታገባ በከተማው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫውቷል። ዮሃን ሽትራውስም ቪላ ነበረው፤ ፍራንዝ ሌሃር በ1912 የገዛው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የኦፔሬታ ደራሲዎችና የቴአትር ነጋዴዎች ውል የሚዋዋሉት ቡና ፊት ለፊታቸው አድርገው ነበር። ይህ የደንበኛ ለውጥ ቀላል አይደለም። ንጉሡን ሊያይ የሚመጣው ሰው ንጉሡ ሲቀር ይቀራል፤ ሙዚቀኛውን ሊያይ የሚመጣው ግን የዙፋኑ ዕጣ አያስቀረውም።

ከተማዋ በ1906 ባድ ኢሽል ተብላ በመታጠቢያነቷ በይፋ ተጠራች። በ1908 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ መጥተው ፍራንዝ ዮሴፍን በአውቶሞቢል አንሸራሸሯቸው፤ ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ላይ የወጡት ያን ቀን ነው ይባላል። ኤድዋርድ የመጡት ለሽርሽር ብቻ አልነበረም፤ ኦስትሪያን ከጀርመን ለማራራቅ ፈልገው ነበር። አልሆነላቸውም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 28 ቀን 1914፣ ፍራንዝ ዮሴፍ በቪላቸው የሥራ ክፍል ተቀምጠው በሰርቢያ ላይ ጦርነት የሚያውጀውን ወረቀት ፈረሙ። ለሕዝቦቻቸው የጻፉት አዋጅም ቦታው ባድ ኢሽል ይላል። ቀኑ የበጋ ቀን ነው፤ ከተማው በእንግዳ የተሞላበት፣ የኬክ ቤቱ ጠረጴዛ ሁሉ የተያዘበት ወቅት። ንጉሡ በጁላይ 30 ወደ ቪየና ሄዱ፤ ኢሽልን ዳግመኛ አላዩአትም። በኖቬምበር 1916 በ86 ዓመታቸው ሞቱ። የጀመሩት ጦርነት ሚሊዮኖችን ይዞ ሄደ።

ጦርነቱ የኬክ ሠሪን ሙያ ከሥሩ ይነቅላል። በ1915 በኦስትሪያ ዳቦ በካርድ ሆነ፤ የስንዴ ዱቄት ከግንባር ሲተርፍ ነው፣ ቅቤና እንቁላል ስማቸው ቀረ። በ1918 መጨረሻ ዘውዱ ራሱ ወደቀ። በ1919 አዲሱ ሪፐብሊክ መሳፍንታዊ ማዕረጎችን በሕግ ሻረ። የቤተ መንግሥት አቅራቢዎች የሚያቀርቡለት ቤተ መንግሥት አጡ፤ ከንስሩ ጋር የወደቁ ሱቆችም ብዙ ናቸው።

ዛውነር አልወደቀም። ለምን? ሰዎች ስለ ታማኝነትና ስለ ጥራት ይናገራሉ፤ ጥራትማ የወደቁትም ነበራቸው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ቤቱ በስድሳ ዓመት ውስጥ ለንጉሡ ኬክ ከመሸጥ ንጉሡ የበሉትን ኬክ ወደ መሸጥ ተሻግሯል። የመጀመሪያው ንግድ ንጉሥ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚፈልገው ትዝታ ብቻ ነው። እንዲያውም ንጉሥ ከሞተ በኋላ ትዝታው ይጣፍጣል፤ ግብር አይጠይቅም፣ ልጅህን ወደ ግንባር አይልክም። በ1927 ኬክ ቤቱ በትራውን ወንዝ ዳር በኤስፕላናደ ሁለተኛ ቤት መክፈቱ ይህን ያሳያል። ዘውድ በሌለበት፣ ገንዘብ በረከሰበት፣ አገሩ ከግዛቱ አብዛኛውን ባጣበት ዘመን ይህ ቤት ተስፋፋ።

ትዝታ ግን መራጭ ነው። ለኢሽል በጋ ሕይወት ከሰጡት እንግዶችና ባለ ቪላዎች ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ቪላዎቻቸው ተነጠቁ። ለሌሃር የፈገግታ አገር የተባለውን ኦፔሬታ ግጥም ከጻፉት አንዱ ፍሪትዝ ለነር ቤዳ ነው፤ ቤተሰቡ በኢሽል ቪላ ነበረው። በ1938 ታስሮ በ1942 በአውሽቪትዝ ተገደለ፤ ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹም ተገደሉ። ሌሃር በ1948 በኢሽል በቤቱ ዐረፈ። ስለ ንጉሡ ቁርስ የሚተርክ ሰው መቶ ቢገኝ ስለ ለነር ቤዳ የሚተርክ ስንት ነው?

ካታሪና ሽራት እስከ 1940 ኖራለች። የማስታወሻ መጽሐፍ እንድትጽፍ የጠየቋት አሳታሚዎች ነበሩ፤ አልጻፈችም። ስለዚህ ስለ ሁለቱ ጉግልሁፎች የሚወራውን የሚያረጋግጥልን ቃሏ የለንም። ለዛውነር ይህ ዝምታ ራሱ ትርፍ ነው።

የንጉሡ ቪላ ዛሬም የልጃቸው የማሪ ቫለሪ ዘሮች ንብረት ነው፤ ለጎብኚ ክፍት ነው። ግድግዳዎቹ ንጉሡ ባደኗቸው አውሬዎች ቀንድ ተሸፍነዋል፤ ጦርነቱ የታወጀበት የጽሕፈት ጠረጴዛም በቦታው አለ። በየዓመቱ ኦገስት 18 የልደታቸው ቀን በከተማው ይከበራል። በ2024 ባድ ኢሽልና በዙሪያዋ ያሉ 22 ማዘጋጃ ቤቶች የአውሮፓ የባህል መዲና ተብለው ነበር። አሥራ አራት ሺህ ያህል ሰው ለሚኖርባት ከተማ ይህ ትንሽ አይደለም።

በቪየና፣ በሙኒክ ወይም በዚያ አቅራቢያ የምትኖሩ ወገኖች በባቡር ደርሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ምክሬ ቅደም ተከተሉን እንድትጠብቁ ነው። መጀመሪያ ቪላውን ግቡ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆም በሉ፤ አስጎብኚው ስለ አደንና ስለ ፍቅር ብቻ ካወራ ስለ 1914 ጠይቁት። ከዚያ ወደ ኬኩ። ብዙ ጎብኚዎች ግን ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ኬክ ቤቱ ይሄዳሉ። አድራሻው ፋርጋሰ ጎዳና፣ ቁጥር 7 ነው።